ተጨማሪ መረጃ፦ ጥላችሁ ሲያጥር

በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቢላና በነቀምቴ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ሜዳ ላይ ቀጥ ተደርጎ የተተከለ እንጨት ጥላው ከሥሩ አይርቅም፤ አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል፤ የኳስ ጨዋታችሁን ወደ ማንጎ ዛፍ ጥላ ውሰዱት።

ስትሮጡ ላብ ሰውነታችሁን የሚያቀዘቅዘው በትነት ነው። ትነት ማለት ፈሳሽ ሙቀት ወስዶ ወደ ተን የሚለወጥበት ሂደት ነው። ስለዚህ በላብ የወጣውን ለመተካት ሳይጠማችሁ ውኃ ጠጡ። ታናናሾቻችሁን በተለይ አደራ፤ ጨዋታ ሲጥማቸው ጥሙን ይረሱታል። ጓደኛችሁን ራሱን ካዞረው፣ ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ውኃ አጠጡት፣ ለመምህር ንገሩ።

እስቲ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት የጥላችሁን ርዝመት ለክታችሁ መዝግቡ።