ፊልተሩ ነው ከመባሉ በፊት

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት። የአባይ በረሃ የናፍጣ መኪና ሁሉ ገመናው የሚወጣበት ቦታ ነው። አሮጌው አይሱዙ ጥቁር ጭሱን እየተፋ ይንፏቀቃል። ከአውሮፓ የመጣው አዲስ ሞዴል ሚኒባስ ግን አያጨስም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት ያበራና ዳገቱ መሀል ጉልበት ያጣል። ሾፌሩ ነዳጅ ቢረግጥ ሞተሩ እሺ አይልም። እንደ ምንም ደብረ ማርቆስ ደርሶ ጋራዥ ሲገባ ፍርዱ ቶሎ ይሰጣል፦ «የጭስ ፊልተሩ ተደፍኗል፤ ወይ ይቀየር፣ ወይ ይውጣ።»

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ፊልተሩ በእርግጥ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ያስደፈነው ግን ሌላ ነው። ያ ሌላው ሳይገኝ አዲስ ፊልተር የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ እዚያው ጋራዥ ደጃፍ ይቆማል። ወጪው ደግሞ የዋዛ አይደለም። የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው አይቀመስም።

ፊልተሩ ከሞተሩ ብዙም ሳይርቅ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የተገጠመ፣ ሲያዩት ማርሚታ የሚመስል ቆርቆሮ ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው። ቀዳዳዎቹ አንዱ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ ተደፍነዋል፤ ስለዚህ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ከማለፍ ሌላ መውጫ የለውም። ጋዙ ያልፋል፣ ጥቀርሻው ይቀራል። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ሲበዛ የመኪናው ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ የጭሱን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርስና ያቃጥለዋል። ባለሙያዎቹ ይህን ሪጀነሬሽን ይሉታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለካሊፎርኒያ ገበያ ሞክሮት አልሰመረለትም። በደንብ የተሳካው ፔዦ 607ን እ.ኤ.አ. በ2000 ይዞ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመጣው ዩሮ 5 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ደግሞ ያለዚህ ፊልተር የናፍጣ መኪና መሸጥን የማይሞከር አደረገው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ታዲያ ሞኝ ይመስላል፦ መኪናው ፊልተር አለው ወይ? በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ ከሚታዩት የናፍጣ መኪኖች ብዙዎቹ ከናካቴው የላቸውም። ለዐረብ አገሮች ገበያ ተብሎ የተሠራና ከዚያ የመጣ ፒክአፕ አብዛኛውን ጊዜ ሳይገጠምለት ነው የሚወጣው፤ ያው ሞዴል ለአውሮፓ ሲሠራ ግን አለው። ሲገጠምለት የነበረም ቢሆን የቀድሞው ባለቤት አስወጥቶት ይሆናል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነጭ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ ማሸት ነው። ጤነኛ ፊልተር ያለው መኪና ጨርቁን እምብዛም አያቆሽሽም። ጨርቁ ከሰል ነክቶ የወጣ ከመሰለ ፊልተሩ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቶ ውስጡ ባዶ ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይህን ቢያደርግ አይጎዳም።

ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን ማየት ነው። መኪና ዘይት ሲያጎድል እንጂ ሲጨምር ማን አይቶ ያውቃል? ፊልተር ያለው የናፍጣ መኪና ግን ሊጨምር ይችላል። ማቃጠሉ ተጀምሮ ሳያልቅ ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ለማሞቂያ የተረጨው ናፍጣ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከዘይቱ ይቀላቀላል። መለኪያው ዘንግ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከታየ፣ ዘይቱም ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ መኪናው ደጋግሞ ማቃጠል እየጀመረ እያቋረጠ ነው ማለት ነው። ይህ ምልክት ከመብራቱ ይልቅ ያስቸኩላል፤ የቀጠነ ዘይት ቱርቦንም ሞተርንም ይበላል።

ለምን ያቋርጣል ከተባለ አነዳዱ መልስ አለው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ የሚመላለስ፣ ለናፍጣ ወረፋ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰዓታት የሚቆም መኪና ጥቀርሻውን ይሰበስባል እንጂ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦው ጉድለቱን ቢሞላም አየር የሚሰርቅ ቱቦ ወይም በኮረኮንች አቧራ የታጨቀ የአየር ፊልትሮ ካለ እዚህ ቶሎ ያስታውቃል። በአንጻሩ ያ ሁሉ ሾፌር የሚፈራው የአባይ ዳገት ለፊልተሩ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጭነት ይዞ ወደ ደጀን ሲወጣ ጭሱ ይግላል፣ ጥቀርሻውም ይቃጠላል። መብራቱ በርቶ የማይጠፋው ከዳገቱ በኋላም ከሆነ ጥፋቱ አነዳዱ ላይ አይደለም።

አሁን ኮምፒውተሩ ይምጣ። ጋራዡ መመርመሪያውን ሰክቶ ኮዱን አንብቦ ከነቀለ ግን ሥራው ገና አልተጀመረም። ፒ2463 የሚለው ኮድ ጥቀርሻ በዝቷል ማለት ነው። ፒ2453 ግን ስለ ግፊት መለኪያው ሴንሰር እንጂ ስለ ፊልተሩ አይደለም፤ ሁለቱን ኮዶች በአንድ ዐይን የሚያይ ጋራዥ ካለ ሌላ ጋራዥ መፈለግ ያዋጣል። ያ ሴንሰር ከፊልተሩ ፊትና ኋላ በሚመጡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የግፊቱን ልዩነት ይለካል። ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሳይነሣ ልዩነቱ ዜሮ መሆን አለበት፤ ጭስ የለማ! ሞተሩ ሳይነሣ ቁጥር የሚያሳይ ሴንሰር ይዋሻል። ቱቦዎቹን በእጅ ዳስሶ ማየትም ይገባል፤ በሙቀት ይሰነጠቃሉ፣ ይቀልጣሉ፣ ውስጣቸው በጥቀርሻና በውሃ ይዘጋል። በጥቂት ገንዘብ የሚቀየር ቱቦ ሙሉ ፊልተር ያስገዛበት ጊዜ ለመካኒኮች እንግዳ አይደለም።

ሴንሰሩ እውነተኛ ሆኖ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ልዩነቱ ትንሽ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ከፍ፣ ሲለቀቅ ወዲያው ዝቅ ማለት አለበት። በሚኒሞ ከፍ ብሎ ከቆየ መደፈኑ እውነት ነው። ያኔም ጥያቄ አለ፦ የደፈነው ጥቀርሻ ነው ወይስ አመድ? ጥቀርሻ ይቃጠላል። አመድ ግን ከሞተር ዘይት ውስጥ ካሉ ማዕድናት የሚመጣ ስለሆነ በምንም ሙቀት አይጠፋም፤ ፊልተሩ ወርዶ በባለሙያ መታጠብ ወይም መቀየር አለበት። ብዙ መኪኖች ኮምፒውተራቸው ሁለቱን ለየብቻ ያሳያል፤ ባለመኪናው «አሳየኝ» ማለት መብቱ ነው። ፊልተር ላለው መኪና አመዱ አነስተኛ የሆነ ልዩ ዘይት የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከሱቅ የተገኘውን መሙላት የፊልተሩን ዕድሜ ያሳጥራል።

የሞተሩ ውኃ ሙቀትም ይታይ። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የቀረ ሞተር በደጋው ብርድ በቂ ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ኮምፒውተሩ ማቃጠሉን ጭራሽ አይፈቅድም። ኢንጀክተር የሚያንጠባጥብ፣ ቱርቦው ዘይት የሚያሳልፍ፣ ጭሱን ወደ ሞተር የሚመልሰው ቫልቭ የተጣበቀ መኪናም ፊልተሩ ከሚችለው በላይ ጥቀርሻ ያመርታል። ናፍጣውም አለ። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአንድ ሚሊዮን ውስጥ ከ10 በላይ ድኝ አይፈቅድም፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚሸጠው ግን ከዚህ በላይ አለው። ድኙ በሴራሚኩ ላይ የተቀባውን ውድ ማዕድን ሥራ ያሰናክላል። በጀሪካን የሚሸጥ፣ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ናፍጣ ከተሞላበት በኋላ የጀመረ ችግር ሲሆን ለመካኒኩ መደበቅ አይጠቅምም።

«ይውጣና ይገላገል» የሚለው ምክር ማራኪ ነው፤ ለጊዜው መኪናው ይበራል። ሞተሩን ያሳመመው ኢንጀክተር ግን እዚያው አለ፤ ያኔ ምልክት የሚሰጥም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጦ መድቦታል። የመናኸሪያው ሎተሪ ሻጭ፣ ቆሎ ሻጭና ረዳት ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት ያንን ነው።

ጋራዡ በመመርመሪያ አስገድዶ ላቃጥል ካለ ይቻላል፤ ዘይቱ ቀጥኖ ከሆነ ግን አስቀድሞ ይቀየር። መኪናው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ላይ አይቁም፤ በዚያ ሰዓት የጭስ ማውጫው ሙቀት ሣር ያቀጣጥላል። ፊልተሩ ታጥቦ ወይም አዲስ ተገዝቶ ከተገጠመም በኋላ ብዙ መኪኖች ላይ አንድ ሥራ ይቀራል፤ የድሮው የአመድ ቆጠራ ከኮምፒውተሩ መሰረዝ አለበት። ካልተሰረዘ መኪናው አዲሱን ፊልተር እንደ አሮጌው ይቆጥረዋል፤ መብራቱም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ሉማሜ ሳይደረስ ተመልሶ ሊበራ ይችላል።