የማቀዝቀዣ የሙቀት መቆጣጠሪያ አመራረጥ

ያዮ በኢሉባቦር፣ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢዋ በዝናሙና በጫካ ቡናው የታወቀ ሲሆን፣ ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ለምለም አገር የቤት ማሞቂያ መሣሪያ መግዛት አስቸኳይ ጉዳይ አይሆንም። መብራት የገባበት ቤተሰብ ግን አቅሙ በፈቀደ ጊዜ የሚያስበው ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣ ወተትንና ሥጋን ከብልሽት ይጠብቃል፤ ከቤተሰቡ መካከል የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሲኖር ደግሞ ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ዕቃ በመሆኑ ከሕይወት ጋር የተያያዘ ይሆናል። ስለሆነም የማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚወስነው ትንሽ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራና በምን መለኪያ እንደሚመረጥ ማወቅ ይገባል።

ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን የሚፈጥር መሣሪያ መስሎ ይታያል። በእርግጥ ግን ሥራው በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየወሰደ ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በሣጥኑ ውስጥ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀትን ይስባል። ኮምፕሬሰር የተባለው ክፍል ተኑን አምቆ በጀርባ ወዳሉት ቧንቧዎች ሲገፋው፣ ተኑ ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ የተሸከመውን ሙቀት ለውጭው አየር ያስረክባል። እጁን ወደ ማቀዝቀዣው ጀርባ ያስጠጋ ሰው ሙቀት የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። በብርድ አገሮች ቤት የሚያሞቀው የሙቀት ፓምፕም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀትን ከውጭው አየር ወይም ከመሬት ወስዶ ወደ ቤት ማስገባቱ ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1852 ያቀረበው፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ቶምሰን ነበር።

ኮምፕሬሰሩ መቼ ሥራ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያቆም የሚያዘው የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ማለትም ቴርሞስታቱ ነው። በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ የመምህር ስም መገኘቱ ለተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረው ዋረን ጆንሰን፣ የምድጃ ሠራተኛው የክፍሉን ሙቀት ለመመልከት እየገባ ትምህርት ሲያቋርጥ አይቶ፣ የክፍልን ሙቀት በኤሌክትሪክ የሚያስታውቅ መሣሪያ ሠራ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1883 አገኘ።

ዛሬ በማቀዝቀዣዎች ላይ የሚገኙት መቆጣጠሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሜካኒካል የሚባለው ነው። በቀጭን ቱቦው ውስጥ የታሸገው ጋዝ ሲሞቅ ይለጠጥና የኤሌክትሪኩን መስመር ያገናኛል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መስመሩን ያቋርጣል። በመዘውሩ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ የቅዝቃዜውን ደረጃ እንጂ ዲግሪ ሴንቲግሬድን አያመለክቱም፤ ስለዚህ 5 ቁጥር ላይ ያደረገ ሰው 5 ዲግሪ አገኘሁ ብሎ መደምደም የለበትም። ሁለተኛው ኤሌክትሮኒክ ነው። ይህ ሙቀትን በትንሽ መዳሰሻ ለክቶ በዲግሪ ያሳያል፤ በትክክልም ሊታዘዝ ይችላል። ሜካኒካሉ ርካሽና ለጠጋኝ ቀላል ሲሆን፣ ኤሌክትሮኒኩ ይበልጥ የተስተካከለ፣ ነገር ግን በኤሌክትሪክ መዋዠቅ በቀላሉ የሚጎዳ ነው።

ማቀዝቀዣ የሚገዛ ወይም የተበላሸ መቆጣጠሪያ የሚለውጥ ሰው የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ያመዛዝናል።

አንደኛ፣ የሚቀመጠውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ለምግብ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መልካም ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት ሲበዛበት ኃይሉ ይደክማል፤ ከበረደ በኋላ ቢቀልጥም ተመልሶ መድኃኒት አይሆንምና መጣል አለበት። እዚህ ላይ መቆጣጠሪያው በሚያስነሣበትና በሚያቆምበት ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ይገባል። ለምሳሌ በ6 ዲግሪ አስነሥቶ በ4 ዲግሪ የሚያቆም መቆጣጠሪያ ልዩነቱ 2 ዲግሪ ስለሆነ መድኃኒቱን ከሁለቱም አደጋ ያርቃል። በ8 አስነሥቶ በ2 የሚያቆም ግን ከድንበሩ ላይ ስለሚሠራ ለጥቂት ስሕተት እንኳ ቦታ አይተውም። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ሲጠብም ኮምፕሬሰሩ በየጊዜው እየተነሣና እየቆመ ያረጃል።

ሁለተኛ፣ ለኮምፕሬሰሩ የሚሰጠው ዕረፍት መታየት አለበት። ኮምፕሬሰር ከቆመ በኋላ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ድረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። መብራት ሄዶ ወዲያው በሚመለስበት ሥፍራ ይህን ዕረፍት በራሱ የሚያስጠብቅ መቆጣጠሪያ ይመረጣል። መቆጣጠሪያው ይህ ችሎታ ከሌለው፣ ፍሪጅ ጋርድ የሚባለውን መከላከያ በመካከል ማስገባት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ልክ መመሳሰል አለበት። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ኮምፕሬሰር ሲነሣ የሚስበው ኃይል በሥራ ላይ ሳለ ከሚስበው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ መቆጣጠሪያው ይህን የሚችል መሆኑን ባለሙያ ሊያረጋግጥ ይገባል።

አራተኛ፣ የመዳሰሻው ሥፍራ መታወቅ አለበት። መቆጣጠሪያው የሚያውቀው መዳሰሻው ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ራሱን የቻለ ቴርሞሜትር አስቀምጦ ጧትና ማታ ማንበብ ይበጃል። ኢንሱሊንም በረዶ ከሚሠራበት ክፍልና ከቀዝቃዛው ግድግዳ ርቆ፣ በዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

በአሁኑ ጊዜ በኢንተርኔት ከስልክ ጋር የሚገናኙ፣ “ብልህ” የሚባሉ መቆጣጠሪያዎችም አሉ። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን በሙቀት ፓምፕ ሲያሞቁ ይህን ዓይነት መሣሪያ ይገዙ ይሆናል። ነገር ግን ለተራ ምድጃ የተሠራው ብልህ መቆጣጠሪያ ለሙቀት ፓምፕ ላይስማማ ይችላል። ቤቱ ሌሊት እጅግ ቀዝቅዞ ጧት በፍጥነት ይሙቅ ከተባለ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው ረዳት ማሞቂያ ይነሣና ሌሊት የተቆጠበው ይባክናል። የያዮ ማቀዝቀዣም የራሱ ጠባይ አለው። ሙቀቱ ቀንም ሌሊትም አንድ ዓይነት መሆን ስላለበት የቤተሰቡን መውጫና መግቢያ የሚያጠና መሣሪያ አያስፈልገውም። የሚጠቅመው ሙቀቱ ከክልሉ ሲወጣ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ነው። ያም ማስጠንቀቂያ የራሱ ባትሪ ከሌለው፣ ከመብራቱ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ በሚፈለግበት ሰዓት ዝም ይላል። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እንደሚባለው፣ ከመሣሪያው ጌጥ የአሠራሩ ዕውቀት ይቀድማል።

የጤና ተቋማት ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ላይ የዋለው አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት ቅዝቃዜ ቢያስፈልገውም፣ ከበረደ ይበላሻል። ስለዚህ ለክትባት ከሚሠሩት ማቀዝቀዣዎች መካከል የተሻሉት ሠራተኛው መዘውሩን ባይነካም ክትባቱ እንዳይበርድ የሚከላከሉ ናቸው።

መቆጣጠሪያ የሌለ ኤሌክትሪክን ሊያመጣ ግን አይችልም። መብራት ሲጠፋ የማቀዝቀዣውን በር ዘግቶ መቆየት ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል። በሁለት የሸክላ ዕቃዎች መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ በትነት ማቀዝቀዝም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ በደረቅ አገር የተሻለ ሲሆን፣ በያዮ ክረምት አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም ትነቱ ይዘገያል፤ ቅዝቃዜውም ያንሳል።

ባጠቃላይ፣ መልካም መቆጣጠሪያ የሚባለው ከሚጠበቀው ነገር፣ ከማቀዝቀዣው ጠባይና ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ጋር የሚስማማው ነው። ዋጋውና ዘመናዊነቱ የሚታሰቡት ከእነዚህ በኋላ ነው።

መልመጃ

1. የማቀዝቀዣና የሙቀት ፓምፕ አንድነትና ልዩነት ምንድን ነው?
2. በ7 ዲግሪ አስነሥቶ በ1 ዲግሪ የሚያቆም መቆጣጠሪያ ለኢንሱሊን ይስማማልን? ምክንያቱን አስረዱ።
3. “ስለዚህ”፣ “ነገር ግን” እና “ይሁን እንጂ” የሚሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን አገልግሎት ግለጹ።
4. በቤታችሁ ያለን አንድ መሣሪያ መርጣችሁ፣ አመራረጡን በአራት ነጥቦች የሚያብራራ ድርሰት ጻፉ።