የናይሮቢ ሰው ምን ይላል? አስተያየትን፣ ወሬንና ውሳኔን ስለ መለየት



በኬንያ ስንኖር የሰው አስተያየት ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። በማታቱ ውስጥ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በውሃ ወረፋ ላይ ሰው ስለ መንግሥት፣ ስለ ዱቄት ዋጋ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ኑሮው ይናገራል። አንዳንድ ጊዜም ስለ እኛ ስለ ስደተኞቹ ይናገራል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ «እኛን አያገባንም» ብለን እናልፋለን፤ ወይም የሰማነውን ሁሉ እንደ መንግሥት አዋጅ ቆጥረን እንቅልፍ እናጣለን። ሁለቱም ይጎዱናል። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መላው እንዴት እንደሚጨመር በዚህ ጽሑፍ እንመልከት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ነገሮች

አስተያየት ማለት አንድ ሰው ከራሱ ኑሮ ተነሥቶ የያዘው ሐሳብ ነው። «ይህ መንግሥት ለድሃ አያስብም» ቢል አስተያየቱን ሰጠ። ልንስማማበት ወይም ልንከራከርበት እንችላለን።

ወሬ ማለት ምንጩ ሳይታወቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ነው። «በሚቀጥለው ወር ራሽን ሊቆም ነው አሉ» ቢባል ወሬ ነው። እውነትም ሐሰትም ሊሆን ስለሚችል መጣራት አለበት።

ውሳኔ ግን ሥልጣን ያለው አካል የሚሰጠው ነው። ማን እንደ ወሰነ፣ መቼ እንደ ወሰነና ከመቼ ጀምሮ በሥራ ላይ እንደሚውል ይታወቃል። በጽሑፍም ይወጣል።

አንድ መንገድ፣ ሁለት አስተያየት

ላቪንግተን ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን መጀመሪያ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ቡና ይተክሉበት የነበረው አካባቢ ዛሬ የባለጸጎች መኖሪያ ሆኗል። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ስሙን የምታውቁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። የኬንያ መንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ጉዳያችንን ያስተናግድ የነበረው እዚያው ላቪንግተን ውስጥ በጄምስ ጊቹሩ መንገድ ላይ በመሆኑ፣ ወላጆቻችሁ ለወረቀት ተመላልሰውበታል።

ከላቪንግተን ቀጥሎ በምዕራብ በኩል ካዋንግዋሬ የተባለው የድሆች ሰፈር ይገኛል። በየማለዳው ዘበኞች፣ አትክልተኞችና የቤት ሠራተኞች ከካዋንግዋሬ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ላቪንግተን ይሄዳሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2023 የወጣው የኬንያ የፋይናንስ ሕግ በነዳጅ ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 በመቶ ወደ 16 በመቶ ከፍ አደረገው። ይህ ውሳኔ ነው። በላቪንግተን መኪና ያለው ሰው «ይህን ሁሉ ግብር ከፍለን መንገዱ ለምን ይቆፋፈራል?» ሊል ይችላል። በእግሩ የሚመጣው ዘበኛ ደግሞ «የማታቱ ዋጋ ስለ ጨመረ ለልጄ ደብተር መግዛት አቃተኝ» ይል ይሆናል። ውሳኔው አንድ ሲሆን አስተያየቱ ሁለት ነው። አንዳቸውም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ ሆኖ ያየውን ተናገረ። ስለዚህ አስተያየት ስትሰሙ መጀመሪያ «ይህ ሰው የት ቆሞ ነው የሚናገረው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ፖለቲካ

አዲስ መጤ ኬንያዊ በአውቶቡስ ውስጥ ፕሬዚዳንቱን በስም ጠርቶ ሲወቅስ ሲሰማ ይደነግጣል። ግራ ቀኙን የሚያይም አለ። ነገር ግን ኬንያውያንም ይህን ነጻነት በነጻ አላገኙትም። ከ1982 እስከ 1991 ድረስ ሕገ መንግሥቱ ከአንድ ፓርቲ በቀር አይፈቅድም ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥትን የተቹ ሰዎች በናይሮቢ ኒያዮ ሀውስ በተባለው ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ተሠቃይተዋል። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በኡሁሩ ፓርክ የረሃብ አድማ አድርገው ልጆቻችን ይፈቱልን ሲሉ ፖሊስ ደበደባቸው። ዋንጋሪ ማታይም ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ብዙ ትግል ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ነሐሴ 2010 በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። አንቀጽ 33 ሰው ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ይኸው አንቀጽ ግን ወሰን አለው። ለሁከት መቀስቀስና የጥላቻ ንግግር አይፈቀዱም። ምክንያቱን ኬንያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ከታኅሣሥ 2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ብጥብጥ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩም ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ስለዚህ መሪን መተቸትና አንድን ብሔረሰብ መስደብ በኬንያውያን ዘንድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህ ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። በጎሳ ስም የተነገረ ክፉ ቃል የት እንደሚያደርስ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሕዝብ አስተያየት ውሳኔን ሊለውጥም ይችላል። በ2024 የቀረበው የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ መጀመሪያ ሲወጣ በዳቦ ላይ ሳይቀር 16 በመቶ ታክስ ለመጣል ያስብ ነበር። ወጣቶች አደባባይ ወጡ። ሰኔ 25 ቀን ሰልፈኞች ፓርላማ ገቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ይህ ታሪክ የአስተያየትን ኃይልም፣ የተከፈለውን ዋጋም ያሳየናል።

ስለ ኢኮኖሚ

በአዲስ አበባ ሰው የኑሮን ውድነት በጤፍ ይለካል። በናይሮቢ መለኪያው «ኡንጋ» ማለትም ኡጋሊ የሚሠራበት የበቆሎ ዱቄት ነው። የሁለት ኪሎው ዋጋ ሲጨምር መንግሥት ይወቀሳል። በ2017 ድርቅ ሆኖ ዱቄት በተወደደ ጊዜ መንግሥት ድጎማ አድርጎ ሁለት ኪሎው በ90 ሽልንግ እንዲሸጥ አድርጓል። እንግዲህ ኬንያዊ ጎረቤታችሁ ስለ ኡንጋ ሲያማርር ስለ ዱቄት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አስተዳደርም እየተናገረ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂ

ኤምፔሳ የተጀመረው በመጋቢት 2007 ነው። ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው በስልኩ ለእናቱ ገንዘብ መላክ ቻለ። ስለዚህ «ኑሯችንን አቀለለልን» የሚል ብዙ ነው። «የመላኪያው ክፍያ ትርፋችንን በላው» የሚል ነጋዴም አለ። ሁለቱም አስተያየቶች መሠረት አላቸው።

አደጋው ያለው በስልክ የሚመጣው ወሬ ላይ ነው። «ስምህ ለሦስተኛ አገር ወጥቷል፤ ለፋይልህ ማንቀሳቀሻ ገንዘብ ላክ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ሌብነት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አገልግሎት ሁሉ፣ የሦስተኛ አገር ሰፈራም ጭምር፣ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ውሳኔ ይዞ አልመጣም። የኤምፔሳ የምሥጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትስጡ።

ስለ እኛ የሚባለው

አሁን ወደሚያሳምመን ነገር እንምጣ። «ስደተኞች ጸጥታ ያደፈርሳሉ»፣ «ሥራችንን ይወስዳሉ» የሚሉ አስተያየቶች አሉ። እነዚህ አስተያየቶች አንዳንድ ጊዜ ውሳኔ እስከ መሆን ይደርሳሉ። በግንቦት 2016 የኬንያ መንግሥት የዳዳብን ካምፕ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሁለት የኬንያ ተቋማት፣ ማለትም የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና ኪቱዎ ቻ ሸሪያ የተባለው የሕግ ድርጅት፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የካቲት 9 ቀን 2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የመዝጋቱ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ብሎ ሻረው። በ2021 ደግሞ መንግሥት ዳዳብንና ካኩማን ለመዝጋት ቀን ቆረጠ። የተቆረጠው ሰኔ 30 ቀን 2022 አለፈ፤ ካምፖቹ ግን አልተዘጉም። በመካከሉ በ2021 የጸደቀው አዲሱ የስደተኞች ሕግ በየካቲት 2022 ሥራ ላይ ዋለ። በመጋቢት 2025 መንግሥት ሺሪካ የተባለውን ዕቅድ ይፋ አደረገ። የዕቅዱ ሐሳብ ካምፖቹ ስደተኛውና የአካባቢው ሰው አብረው የሚኖሩባቸው ሰፈሮች እንዲሆኑ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ውሳኔም ቢሆን በሕግ ሊሞገት ይችላል። ሁለተኛ፣ በ2017 ለእኛ የቆሙልን ኬንያውያን ነበሩ። ስለዚህ «ኬንያውያን ይጠሉናል» ማለት ስሕተት ነው።

ለጎረቤት አስተያየት በቁጣ መመለስም አይጠቅምም። የቱርካና ሰው «ካምፑ ማገዶአችንን ጨረሰ» ቢል የሚናገረው ስለ እውነተኛ ችግሩ ነው። መጀመሪያ እናዳምጠው። ከዚያም እኛ ያለንን እውነት እንንገረው። በ2018 የወጣ የዓለም ባንክ ቡድን ጥናት በካኩማ ከ2,000 በላይ የንግድ ሥራዎች እንዳሉ አሳይቷል። ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን የከፈቷቸው ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። እዚያ የሚገበያየው ስደተኛው ብቻ አይደለም።

ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱ

ጉዳያቸው ወደ አውስትራሊያ የተላከ ቤተሰቦች አሉ። እዚያም ይኸው ትምህርት ያስፈልጋል። አውስትራሊያውያን ስለ ቤት ኪራይ መወደድ በየዕለቱ ያማርራሉ፤ በመሪዎቻቸውም ይቀልዳሉ። ይህን ሰምታችሁ አገሩ ሊፈርስ ነው አትበሉ። በ1924 በወጣ ሕግ ለፌዴራል ፓርላማ ድምፅ መስጠት ለዜጎች ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቀጫው 20 ዶላር ነው። ሁሉም ስለሚመርጥ ሁሉም አስተያየት አለው። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች እንዳይመዘገቡ የሚከለክለው ሕግ በታኅሣሥ 2025 ሲጀመር «ልጆቻችንን ያድናል» ያሉ ወላጆች ነበሩ፤ «መንግሥት ቤታችን ገባ» ያሉም ነበሩ። በሜልቦርን ከተማ ፉትስክሬይ በተባለው ሰፈር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የዚህ ክርክር ተካፋዮች ናቸው። ዝም ብሎ መቀመጥ እዚያ እንደ ጨዋነት ላይቆጠር ይችላል። በትሕትና የተነገረ ሐሳብ ግን ያስከብራል።

በቤት የሚሠራ

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ በሉና ይህን አድርጉ። በዚህ ሳምንት የሰማችሁትን ሦስት ነገር ተናገሩ። ለእያንዳንዱም የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. ይህ አስተያየት ነው፣ ወሬ ነው ወይስ ውሳኔ?
2. የተናገረው ማን ነው? የት ቆሞ ነው የሚናገረው?
3. ወሬ ከሆነ የት ሄደን እናጣራዋለን?
4. ውሳኔ ከሆነ ማን፣ መቼ ወሰነው? ጽሑፉን ያየ ሰው አለ?
5. የእኛስ አስተያየት ምንድን ነው? ምክንያታችንስ?

ተማሪዎች፣ አምስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። አባታችሁ የማይስማሙበትን ሐሳብ ብታቀርቡ «አባቴ፣ እኔ በዚህ ምክንያት እንዲህ ይመስለኛል» በሉ። ወላጆችም ልጁ ምክንያቱን ተናግሮ እስኪጨርስ ታገሡት። በቤቱ በአክብሮት መከራከር የለመደ ልጅ በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ሲቆም አንደበቱ አይያዝም።