በብድር ኀይል የሚነሣ አውቶሞቢል

ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ይህ የአባቶች ብሂል በችሎትና በሽምግልና ሸንጎ ብቻ ሳይሆን በጋራዥ ደጃፍም ይሠራል። ጧት ቁልፉ ሲዞር እምቢ ብሎ፥ ከሌላ መኪና ባትሪ በካቮ ኀይል ሲበደር ብቻ የሚነሣ አውቶሞቢል ባለቤቱን የሚያታልለው በመነሣቱ ነው። ከተነሣ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለሚሄድ ዳነ ይባላል፤ በማግሥቱ ግን ዕዳው ይመለሳል።

ለዚህ ነገር ሙንዮንዮ ጥሩ ምስክር ናት። ሙንዮንዮ በኡጋንዳ ርእሰ ከተማ በካምፓላ ጫፍ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የጉባኤ ሰፈር ስትሆን፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት፥ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የገለልተኛ አገሮች መሪዎች ተሰብስበውባታል። ጉባኤ ባለበት ስፍራ እንግዳን አድርሶ ለቀናት የሚቆም መኪና ይበዛል። ወደ መኻል ከተማ የሚወስደው የጋባ መንገድም፥ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባቸውና በሚነግዱባቸው በካንሳንጋና በካባላጋላ በኩል ሲያልፍ በተሽከርካሪ ይጨናነቃል። ለቀናት መቆምና በጭንቅንቅ መንገድ እያዘገሙ አጭር መሄድ ሁለቱም የባትሪ ጠላቶች ናቸው። በመጀመሪያው ባትሪው ሳይቀበል ያወጣል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሞተሩን ለማስነሣት ያወጣውን ሳይተካ ጉዞው ያልቃል።

በኡጋንዳ ከሚነዱት መኪኖች ብዙዎቹ በጃፓን አገር ካገለገሉ በኋላ የገቡ ናቸው። መንግሥቱ በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ 15 ዓመት የሞላቸው መኪኖች እንዳይገቡ ቢከለክልም፥ ያገለገለ መኪና ያረጀ ሽቦና በኋላ የተጨመረ የሌባ ማስጠንቀቂያ ወይም ራዲዮ ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ነገር ግን ጥፋቱ በባትሪው ካልሆነ፥ አዲሱም እንደ አሮጌው ከጥቂት ቀን በኋላ ባዶ ይሆናል፤ ገንዘቡም በከንቱ ይጠፋል።

ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፤ ይኸውም ባትሪው ራሱ፥ ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞ፥ በስውር ኀይል የሚያፈስ ሽቦ ወይም ዕቃ፥ በመጨረሻም የካቮው ጫፍና ሞተሪኖው ናቸው። እነዚህን ለመለየት ዋጋው ከባትሪ እጅግ የሚያንስ የቮልት መለኪያ ይበቃል። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ባትሪው ሲለካ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካሳየ በግማሽ ጎድሏል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊባል ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ ልኩ ለጊዜው ይወርዳል፤ ሙሉ የነበረ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን መድከሙን ያመለክታል።

ሞተሩ እየሠራ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ መታየት አለበት። በ12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይመግብም፤ እንግዲያውስ ባትሪው ሳይሆን ቺንጊያው፥ ሽቦውና ዲናሞው ይመርመሩ። ዲናሞው ደኅና ከሆነ ባትሪው በሚገባ ተሞልቶ፥ ካቮው ተፈትቶ ይደር። ተፈትቶ ሳለ ከወረደ ባትሪው አርጅቷል። ተፈትቶ ሙሉ ሆኖ ሲያድር፥ ታስሮ ግን ባዶ ከሆነ፥ ሌባው ከመኪናው ውስጥ ነው።

ይህን ሌባ ለመያዝ መኪናው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የአምፔር መለኪያ በመቀነሱ ጫፍና በካቮው መካከል ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት መሞከር መለኪያውን ያቃጥለዋል። በአብዛኛው መኪና የሚፈቀደው ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ከበለጠ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ ልኩ የወረደበት ፊውዝ ጥፋተኛውን መሥመር ያሳያል። ግማሽ አምፔር ብቻ የሚያፈስ ዕቃ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ120 ሰዓት፥ ማለት በ5 ቀን ያራቁታል፤ መኪናው እምቢ የሚለው ግን ከዚያ ቀድሞ ነው።

ባትሪው 12.6 እያሳየ ሞተሪኖው ከደከመ፥ ጫፎቹ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዘው እንደ ሆነ ይታይ። ጫፍን ማጽዳትና ማጥበቅ ወጪ የለውም፤ ብዙ ጊዜም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

የአየሩም ነገር አይዘንጋ። ሙቀት ባትሪን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል፤ ብርድ ግን ጉዳቱን ያጋልጣል። በምፅዋ ሙቀት የተዳከመ ባትሪ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አሥመራ ሲወጣ በጧቱ ብርድ ይከዳል፤ ጥፋቱ ግን የደጋው አይደለም። ኢትዮጵያ በ2024 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሕመም ነፃ አይደሉም፤ እነርሱም 12 ቮልት የሆነ ትንሽ ባትሪ ስላላቸው፥ እርሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሳለ መኪናው አይነቃም።

ኀይል መበደር ግድ በሆነ ጊዜ ሥርዐቱ ይጠበቅ። ቀዩ ካቮ በፊት በደካማው ባትሪ የመደመር ጫፍ፥ ከዚያ በብርቱው የመደመር ጫፍ ይያያዛል፤ ጥቁሩ በብርቱው የመቀነስ ጫፍ፥ በመጨረሻም ከደካማው ባትሪ ርቆ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ፥ በአጠገቡ የምትወጣ ብልጭታ ልታፈነዳውና ዐይን ልታጠፋ ትችላለች።

የመንግሥት መኪኖች ኀላፊ የሆነ ሹም የባትሪ መግዣ ከመፈረሙ በፊት ሦስቱ ልኮች፥ ማለት ያደረበት፥ የተነሣበትና የሚሠራበት፥ በመዝገብ ተጽፈው ይቅረቡልኝ ቢል የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ያድናል። ከጋባ ገበያ ዓሣ ጭኖ የሚወጣ ነጋዴም፥ መኪናው በመንገድ ሲቆም ዓሣው እንደማይጠብቀው ያውቃልና፥ ሁለተኛው ብድር ከመድረሱ በፊት ቢያስመረምር ይጠቅመዋል።