የአሮጌ መኪና የቴስታታ ጓርኒሲዮን በቤት ውስጥ ስለ መለወጥ

ፊያት 600 የተባለችው ትንሽ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በመጋቢት ወር 1947 ዓ.ም. በጄኔቭ ከተማ በተደረገው የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ ነበር። ንድፏን ያወጡት ዳንቴ ጃኮዛ የተባሉት ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ናቸው። በኢጣሊያ አገር መሠራቷ ከቆመ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ቢሆንም በአስመራ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም ስትሽከረከር ትታያለች። ለዚህ ዕድሜዋ አንዱ ምክንያት የሞተሯ አሠራር ቀላል መሆኑ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ትዕግሥትና ንጽሕና ያለው ባለመኪናም በገዛ ግቢው ሊከፍተው ይችላል።

ሞተሩን እንደ ድስት አድርገን እናስበው። ድስቱ ከብረት የተሠራው ግንድ ነው፤ ክዳኑ ደግሞ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ነው። በሁለቱ መካከል የሚነጠፈው ስስ ንጣፍ ጓርኒሲዮን ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከኢጣሊያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን በመዝገበ ቃላት ቢፈልጓቸው ምናልባት አያገኟቸውም፤ በጋራዥ ደጃፍ ግን በየቀኑ ይሰሟቸዋል። ይህ ስስ ንጣፍ እሳቱን፣ ውሃውንና ዘይቱን እያንዳንዱን በየክፍሉ አጥሮ ይይዛል። አጥሩ በተቃጠለ ጊዜ ሦስቱ ይቀላቀላሉ።

ምልክቱ ብዙ ነው። የሚንጠባጠብ ነገር ሳይታይ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ ከጭስ ማውጫው ነጭ እንፋሎት መውጣቱን አይተውም፤ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ዘይቱ ማኪያቶ የመሰለ እንደሆነ ውሃ እንደገባበት እንረዳለን። ይሁን እንጂ በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ጥቂት ነጭ አረፋ ማየት ብቻ ማስረጃ አይሆንም። በብርዳማ ጧት ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ብቻ የምትመላለስ መኪና ሞተሯ በደንብ ስለማይሞቅ እንዲህ ያለውን አረፋ ታወጣለች። ስለዚህ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ መመልከት ይበልጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ጓርኒሲዮኑ ስለ ምን ተቃጠለ የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤታችን የሚሠሩ አንድ ባልደረባችን መኪናቸውን ወደ አንድ ጋራዥ ወስደው ጓርኒሲዮኑን አስለወጡ፤ ወር ሳይሞላም አዲሱ ተቃጠለ። ሁለተኛ ያዩላቸው ሽማግሌ መካኒክ፣ «ልጄ፣ የተቃጠለውን ለውጠሃል፤ ያቃጠለውን ግን አልነካኸውም» አሏቸው። ራዲያተሩ ከቧንቧ ውሃ በቀረ ዝቃጭ እስከ ግማሽ ድረስ ተደፍኖ ነበር። ለሁለት ጊዜ ሥራ የተከፈለው ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ የታሰበ እንደነበረ ነግረውናል።

በከፍተኛ ስፍራ ነገሩ የባሰ ነው። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከምጽዋ ተነሥታ 115 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን መንገድ የምትወጣ መኪና ብዙ ኃይል ታወጣለች፤ ከፍ ባለች ቍጥርም ውሃዋ ለመፍላት ይቀርባል። ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ለይምሰል የተቀመጠ ነው። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ ቴስታታው በብሎኖቹ ሥር ይጣመማል። ስለዚህ ከጓርኒሲዮኑ ጋር ራዲያተሩን፣ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የውሃውን ፓምፕና ቺንጊያውን መመርመር የሥራው ግማሽ ነው እንላለን።

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በሙቀቱ የተፈታ ቴስታታ ይጣመማል። ባትሪው ይነቀላል፤ ውሃውም በሳፋ ይቀዳል። ውሃው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ሳፋው ለአንድ ደቂቃ እንኳ በግቢ ውስጥ ክፍት ሆኖ አይቀመጥ። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና ውሾች ይቀምሱታል፤ ኩላሊትን የሚያበላሽ መርዝ ነው።

ከዚያ ቱቦዎቹ፣ ካርቡራቶሩ፣ የጭስ መውጫውና ካንዴላዎቹ ይፈታሉ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች ሲወጡ በካርቶን ላይ 8 ቀዳዳ በስቶ ቍጥር እየጻፉ በየተራቸው መሰካት ይገባል፤ እያንዳንዱ ከቦታው ጋር ተላምዷልና። የቴስታታው ብሎኖች ከዳር ወደ መካከል፣ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ። ቴስታታው አልነሣ ቢል በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ መምታት እንጂ ካቻቪቴ አስገብቶ መፈልቀቅ አይገባም። አንድ ጭረት በአሉሚኒየም ላይ ከተገኘ ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

አሮጌውን ጓርኒሲዮን ከመጣል በፊት በብርሃን ይመለከቱታል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የጠቆረ ከሆነ እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ኖሯል፤ በውሃው ቀዳዳ አጠገብ የበሰበሰ ከሆነ ዝገት በልቶታል። ዳሩ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በቀድሞ ዘመን የተሠሩት ጓርኒሲዮኖች ብዙዎቹ አስቤስቶስ አለባቸው። ትቢያው ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በደረቁ መፋቅ፣ በብሩሽ መጥረግ፣ በአየር መንፋት ክልክል ነው፤ በውሃ አርሶ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቢላ መላጥና በላስቲክ ከረጢት አሥሮ ማስወገድ ይገባል። የሥራውንም ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር ማጠብ አይገባም፤ የቤት እመቤት ሳታውቅ ብታራግፈው ትቢያው ወደ እርሷ ይሄዳል።

ቀጥሎ ቴስታታው ጠፍጣፋ መሆኑን መለካት ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሰያፍ ይጋደምበትና ስስ ቅጠል ባለው የክፍተት መለኪያ ይመረመራል። ልኩን የሚወስነው የመኪናው መጽሐፍ ነው፤ ለትንሽ ሞተር ግን የ0.1 ሚሊሜትር ክፍተት እንኳ የሚያሳስብ ነው። ከልክ ያለፈውን ወደ ቶርኖ ቤት ልኮ በመኪና ማስላግ ይሻላል። በመስተዋት ላይ ሸካራ ወረቀት ለጥፈው ቴስታታ የሚሞርዱ ሰዎች አሉ፤ እኛ አንመክረውም፤ እጅ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ቶርኖ ቤትም ከተላከ ስንጥቅ እንዳለበት በውሃ ግፊት እንዲመረመር መጠየቅ ነው።

አዲሱ ጓርኒሲዮን አልቶ የሚል ጽሑፍ ካለበት ያ ወገን ወደ ላይ ይሆናል፤ ቃሉ በኢጣሊያንኛ ከፍ ያለ ማለት ነው። ሠሪው ካላዘዘ በቀር ማጣበቂያ አይቀባም። የብሎኖቹ ጕድጓዶች ውሃና ዘይት እንዳይቀርባቸው ይደርቃሉ፤ ታምቆ የቀረ ፈሳሽ ብሎኑ ሲጠብቅ ግንዱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ማጥበቁ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ ይሆናል። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ይወሰድ። በክንድ ግምት የሚጠብቅ ሰው አንዱን ብሎን አላልቶ ሌላውን ሳይበጥስ አይቀርም።

የቫልቮቹ ክፍተት ከተስተካከለ፣ ዘይቱ ከተለወጠ፣ ውሃው ከተሞላና የታመቀው አየር ከወጣ በኋላ ሞተሩ ይነሣል። ዘይቱ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ከነበረ አዲሱም ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ዳግመኛ ይለወጣል። የቀድሞው ዓይነት ጓርኒሲዮን ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚረግጥ መጽሐፉ በሚያዘው ርቀት ብሎኖቹ በዚያው ተራ እንደገና ይጠበቃሉ። ብሎኑ ሲጠብቅ የቫልቮቹም ክፍተት ይለወጣልና እርሱም በዚያው ቀን ይለካል።