አርሶ አደር መንግሥትን በአየር ንብረት ጉዳይ መክሰስ ይችላል?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ የሚያወጣው መንገድ ሮብ ገበያን ያገኛል። የስናን ወረዳዋ የደጋ ከተማ፣ ስሟ እንደሚናገረው፣ የረቡዕ ገበያተኛን ታስተናግዳለች። ገብሱና ድንቹ ከጮቄ ተዳፋት ይወርዳል፤ አፈሩም አብሮ ይወርዳል። ጮቄ ጨሞጋን፣ ሙጋንና ተምጫን ጨምሮ ለዓባይ የሚገብሩ በርካታ ወንዞች መነሻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ወንዞቹን የሚያደፈርሰው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው።

አርሶ አደሩ በጋውን በተፋሰስ ልማት ወጥቶ እርከን ይሠራል። ዝናቡ ሲዘገይ ወይም በአንድ ቀን ወርዶ እርከኑን ሲደረምስ ግን ኪሳራው የብቻው ነው። መንግሥት የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም የገባውን ቃል ባይፈጽም ማን ይጠየቃል?

ለጥያቄው ቅርብ የሆነው መልስ የተገኘው ከፓኪስታን ነው። የፑንጃብ አርሶ አደር አሽገር ለጋሪ በፈረንጆቹ 2015 የፌዴራሉንና የክልሉን መንግሥት በላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሳቸው ስለ ፋብሪካ ጭስ አልነበረም፤ አገሪቱ በ2012 ያወጣችው የአየር ንብረት ፖሊሲ ወረቀት ላይ ቀርቷል የሚል እንጂ። ፍርድ ቤቱም መሥሪያ ቤቶቹ ኃላፊ እንዲመድቡና የሚሠሩትን ዘርዝረው እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚሽንም አቋቋመ። በ2018 ከቅድሚያ ተግባራቱ 66 በመቶ ያህሉ መፈጸማቸው ተገለጸ። በአሜሪካ ሞንታና ግዛትም 16 ወጣቶች ግዛታቸውን ከሰው በ2023 ረትተዋል። የተደገፉት በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ላይ በሰፈረው የንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው።

ይኸው መብት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ራቅ ብሎ ሄዷል፦ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይፈቀዳል።

አዋጁ ግን የተጻፈው በካይን በማሰብ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር። ባለሥልጣኑ የተከሰሰው በክሎ ሳይሆን መከላከል ሲገባው አልተከላከለም ተብሎ ነው። ክሱ ውድቅ ሆነ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅም በመብት ሥራ ላይ ያሉትን ከውጭ የሚያገኙትን ገቢ በ10 በመቶ ገደበው፤ ገደቡ የተነሳው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በመካከሉ ለጠበቃና ለባለሙያ የሚከፍል ማኅበር ማግኘት ከባድ ነበር።

እንዲህ ያለ ክስ ከጮቄ ግርጌ ቢነሳ ጠበኛው ነጥብ ጭሱ አይሆንም፤ የስናን ገበሬ የሚያጨሰው ምድጃውን ነው። የሚያከራክረው በዕቅድ የተያዘው እርከን፣ ችግኝና ለአሲዳማ ማሳ የሚያስፈልገው ኖራ ቀበሌው መድረስ አለመድረሱ ነው። ይህን ደግሞ የወረዳው ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት ጎን ለጎን ተቀምጠው ያሳያሉ።