ቸኮሌት ትቶ ብር የሚያድለው ማሽን

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ እንጅባራ ላይ ሲቆም መስኮቱ ሥር ቀድሞ የሚደርሰው ሱቅ በደረቴ ነው። ማስቲካው፣ ብስኩቱ፣ ሶፍቱ፣ የሞባይል ካርዱ ሁሉ አንገቱ ላይ ባንጠለጠላት ሣጥን ተደርድሯል። ቶኪዮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ በብዛት የሚሸጠው መንገድ ዳር የተተከለ ማሽን ነው። ገንዘብ ትከትበታለህ፣ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ዕቃው ከታች ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ የዚህ ዓይነት ማሽን ቁጥሩ በሚሊዮኖች ይቆጠራል።

እንጅባራን ጨምሮ በአዊ ዞን ከተሞች የብስኩት ማሽን ያልተለመደው ሕዝቡ ከቴክኖሎጂ ስለራቀ አይደለም። ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ጃፓን የ100 እና የ500 የን ሳንቲም አላት፤ በአንዲት ድፍን ሳንቲም አንድ ጠርሙስ መጠጥ ይገዛል። የእኛ ትልቁ ሳንቲም አንድ ብር ነው፤ በእሱ ዛሬ ምን ይገዛል? ማሽኑ የወረቀት ብር ይቀበል ቢባል ደግሞ ከኪስ ኪስ ሲዘዋወር የተጨማደደውን፣ በፕላስተር የተጠገነውን አስር ብር አንብቦ ለማመን ይቸገራል። እዚያ አገር የሰው ጉልበት ውድ ስለሆነ ማሽን ይረክሳል፤ እዚህ ማሽኑ ውድ ነው። ሱቅ በደረቴው በዚያ ላይ ዝርዝር ፈልጎ መልስ ይሰጣል፣ ለሚያውቀው ሰው በዱቤ ይለቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ሣጥኑን ይዞ ታዛ ሥር ይጠለላል።

ያም ሆኖ ከዚሁ የማሽን ቤተሰብ አንዱ እንጅባራም ዳንግላም ገብቷል። ኤቲኤም ነው። ዝምድናቸው በአፈ ታሪክ የመጣ አይደለም፤ ፈጣሪው ራሱ የተናገረው ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ሼፐርድ ባሮን አንድ ቅዳሜ ገንዘብ ሊያወጣ ሄዶ ባንኩ ተዘግቶ አገኘው። ያን ዕለት ገላውን እየታጠበ ሳለ ቸኮሌት የሚሸጠው ማሽን ትዝ አለው። ቸኮሌቱ ወጥቶ በቦታው ብር ቢገባስ? ማሽኑ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1967 በሰሜን ለንደን ኤንፊልድ በሚገኘው የባርክሌይስ ቅርንጫፍ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን ገንዘብ ያወጣው ሬግ ቫርኒ የተባለ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር። ደንበኛው የሚያስገባው እንደ ዛሬው የፕላስቲክ ካርድ ሳይሆን ማሽኑ እንዲለየው ጥቂት ካርቦን 14 የተቀባ ወረቀት ነበር፤ አንዱ ወረቀት 10 ፓውንድ ያስገኛል። ሼፐርድ ባሮን ሚስጥር ቁጥሩ ባለ ስድስት አሃዝ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። የማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባለቤቱን ካሮላይንን ቢጠይቃት ከአራት በላይ ማስታወስ አልችልም አለችው፤ በእሷ ቃል አራት ሆነ። ዳንግላ ላይ ካርዱን ከትቶ አራት ቁጥር የሚጫን ገበሬ ያ የማእድ ቤት ጨዋታ ደርሶታል ማለት ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ማሽኑን ያስገባው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2001 ነው፤ ስምንት ማሽኖች፣ ሁሉም አዲስ አበባ። ዳሸን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከተለ። ለረጅም ጊዜ የአንዱ ባንክ ካርድ የሌላው ባንክ ማሽን ላይ አይሠራም ነበር፤ አንድ ሕንፃ ሥር ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ቆሞ ደንበኛው ግን የራሱን ባንክ ፍለጋ ሰፈር ሊያቋርጥ ይችል ነበር። ይህን የፈታው ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ሲጀምር የባንኮቹን ማሽኖች እርስ በርስ አገናኘ። ለአዲስ አበባ ሰው ምቾት ጨመረለት፤ ማሽኑ በጣት ለሚቆጠርባት ትንሽ ከተማ ግን ያሉት ጥቂቶች የሁሉም እንዲሆኑ ያደረገ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሣጥኑን እንክፈተው። ኤቲኤም ሁለት ክፍል አለው። ላይኛው ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪኑ፣ ካርድ ማንበቢያው፣ ቁልፎቹ፣ ደረሰኝ ማተሚያው እዚያ ናቸው። ታችኛው ወፍራም ብረት የሆነ ካዝና ነው። ካዝናው ውስጥ ብዙ ጊዜ አራት የገንዘብ መሳቢያዎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2000 እና ከዚያ በላይ ኖት ይይዛል፤ አንዱ መሳቢያ የሚይዘው አንድ ዓይነት ኖት ብቻ ነው። ደንበኛው ሚስጥር ቁጥሩን ሲጫን ቁጥሩ ከቁልፍ ሰሌዳው ሳይወጣ እዚያው ይመሰጠራል፤ ከዚያ ጥያቄው በኔትወርክ ተጉዞ ሒሳቡ ያለበት ባንክ ይደርሳል። «ስጠው» የሚል መልስ ሲመለስ ብቻ ከታች ያለው ክፍል ይንቀሳቀሳል። ያ የምንሰማው ድምፅ ኖቱ አንድ በአንድ ከመሳቢያው እየተሳበ በጎማ ተሽከርካሪዎች መካከል ሲያልፍ የሚሰማ ነው። መንገዱ ላይ ውፍረት የሚለካ ዳሳሽ አለ። ሁለት ኖት ተጣብቆ ካለፈ ውፍረቱ ያጋልጠዋል፤ ማሽኑ ሁለቱንም ወደ ውድቅ ሣጥን ጥሎ እንደገና ይቆጥራል።

ማርትሬዛ በገበያ በሚዘዋወርበት ዘመን የጎጃም ነጋዴም እንዲህ ያለ ጠባይ ነበረው። ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበትን ያን የብር ሳንቲም ከመቀበሉ በፊት በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይመረምራል፤ የፈዘዙ ከሆነ ይመልሳል። ነጋዴው የጠረጠረውን ሳንቲም ለባለቤቱ መልሶ ይሟገት ነበር፤ ማሽኑ ክርክር ስለማያውቅ የጠረጠረውን ለብቻው ያስቀምጣል። ባንኩ መሳቢያውን ሲሞላ ያረጀና የተቀደደ ኖት አስቀድሞ የሚለየውም ለዚሁ ነው፤ አንድ የታጠፈ ብር መንገድ ላይ ከተወተፈ ማሽኑ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ይቆማል።

ከሰልፉ የሚሰሙት አቤቱታዎች ሁሉ መነሻቸው እዚህ ነው። «ሲስተም የለም» ሲባል ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ መልስ የሚያመጣለት መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። «ካርዴን ዋጠው» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሚስጥር ቁጥሩ ተደጋግሞ ሲሳሳት ወይም የወጣው ካርድ በጊዜው ሳይወሰድ ሲቀር ነው፤ ማሽኑ የተረሳ ካርድ ለሚቀጥለው ሰው እንዳይሰጥ ወደ ውስጥ መልሶ ይስበዋል። ከሁሉም የሚያስደነግጠው «ተቆረጠብኝ፣ ብሩ ግን አልወጣም» የሚለው ነው። ባንኩ ፈቅዶ ሒሳቡን ከቀነሰ በኋላ ኖቱ መንገድ ላይ ተወትፎ ወይም መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ግን የሠራውን ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባል፤ መሳቢያው ሲከፈት በውስጡ የቀረው ኖት ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ያልወጣ ብር ትርፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ይህ የደረሰበት ሰው ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ ይያዝ፣ ደረሰኝ ከወጣም አይጣለው፣ ሳይውል ሳያድር ለባንኩ ያመልክት። ማስረጃው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው።

ፈቃድ ሰጪው ኮምፒውተር ከተሳሳተ ማሽኑም አብሮ ይሳሳታል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው ይኸው ነበር። በአንድ ሌሊት ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ተዛመተ። ባንኩ ጥቃት ሳይሆን የራሱ የሲስተም ችግር መሆኑን ገልጾ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ብዙዎችም መለሱ። በየከተማው የቆሙት ማሽኖች ያን ሌሊት የተበላሹ አልነበሩም፤ የተባሉትን በትክክል ፈጸሙ።

እንጅባራ ማሽኑ የሚያስፈልጋት በብዙ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከሩቅ የመጣ ተማሪ ቤተሰቡ የሚልክለትን የሚያወጣው በካርድ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ቻግኒ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጉባና ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም እዚህ ነው፤ ሌሊት የደረሰ ሹፌር የባንክ ሰዓት አይጠብቅም። ጥር 23 ደግሞ አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር ከየወረዳው ፈረሰኛው፣ ከየከተማው እንግዳው እንጅባራ ይገባል። ለዚያ ቀን መሳቢያው በዋዜማው ካልሞላ ማሽኑ የቆመ ሣጥን ነው። ማሽን ራሱን አይሞላም፤ ከኋላው ብር የሚቆጥር ሠራተኛ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ የማይቆረጥ መስመር ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ያየው የእነዚህ ነገሮች ሰንሰለት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው።

ሌላም የማያስተኛኝ ነገር አለ። ደመወዝ ወይም ጡረታ በሚወጣበት ሰሞን ሰልፉ ላይ ካርዳቸውን ለኋለኛው ሰው የሚያቀብሉ እናት አይጠፉም። «ልጄ፣ እስቲ አውጪልኝ፤ ቁጥሩ…» ብለው ጮክ ብለው ሊናገሩ ሲሉ፣ ደግ ልጅ የገጠመቻቸው እንደሆነ «እማማ፣ ለኔ አይንገሩኝ፤ ይኸው እዚህ ጋ እርስዎ ይጫኑት» ትላቸዋለች። ደግ ያልሆነ ቢገጥማቸውስ? ይህ የእናቲቱ ጥፋት አይደለም። የማሽኑ ጥያቄ እሳቸው በሚያውቁት ቋንቋ ሊቀርብላቸው ይገባል። አገውኛ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ቋንቋ ነው፤ ስክሪን ላይ ቋንቋ ለመጨመር አዲስ ብረት አይገዛም፣ የሚለወጠው ጽሑፍ ነው። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ የሚናገር ማሽን በዓለም ላይ ከተሠራ ቆይቷል። አዊ ላይ ቅርንጫፍ የከፈቱ ባንኮች ይህንን ቢያስቀድሙ ደስ ይለኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስልኩ ከጎን መጥቷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲታዘዝ ባጃጅ ነጂውም የጭነት መኪና ሹፌሩም ማደያ ላይ በስልክ መክፈል ለመደ። ባንኮችም ያለ ካርድ፣ ወደ ስልክ በሚላክ ኮድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት የሚቻልበትን አሠራር አምጥተዋል። በሌላው ዓለም የሽያጭ ማሽኖችም አብረው ተለውጠዋል። ሳንቲም የማይበሉ፣ በካርድና በስልክ ብቻ የሚሸጡ እየበዙ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንዳለቀ ለባለቤቱ በኔትወርክ ስለሚነግሩ ጫኚው በባዶ አይመላለስም።

እዚህ ላይ ነው የቀድሞው ሒሳብ የሚናወጠው። የብስኩት ማሽን ወደ እኛ እንዳይመጣ ካገዱት ነገሮች ትልቁ የሳንቲሙ ማነስና የብሩ መጨማደድ ነበር፤ በስልክ ሲከፈል ሁለቱም ይቀራሉ። አሁንም ግን ብስኩትና ማስቲካ ለሱቅ በደረቴው ይተውለት ባይ ነኝ፤ ማሽን ከእሱ አይሻልም። ማሽን የሚሻለው ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ወይም ሰው ባይኖር በሚመረጥበት ጉዳይ ነው። አንዲት ተማሪ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዶርም ውስጥ ሞዴስ ቢያስፈልጋት ሱቁ ተዘግቷል፤ ቀን ቢሆንም ወንዶች በተሰበሰቡበት ሱቅ ፊት መጠየቅ የሚከብዳት ብዙ ናት። ሕንድ ውስጥ በትምህርት ቤቶችና በኮሌጆች የሞዴስ ማሽን ተተክሏል፤ አሠራሩ ቀላል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዶርም፣ የዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና የሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ደጃፍ ለእንዲህ ያለ ማሽን የሚመቹ ቦታዎች ናቸው። የግድግዳ ሶኬት፣ የስልክ ክፍያ ቁጥርና በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚሞላ ሰው ይበቁታል። ሙያውን ደግሞ ያ አውቶቡስ መስኮት ሥር የሚሮጠው ወጣት አሳምሮ ያውቀዋል፤ የቱ ዕቃ በየትኛው ቀን ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ከየት በርካሽ እንደሚገኝ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማሽኑን የሚገዛ ባለሀብት ወይም ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ቢያነጋግረው ጥሩ ነው።